ሳይዘጋ የቀረው ጉድጓድ

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ዩኔስኮ የሐረር ጁገልን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ፣ አምስቱ ጥንታዊ በሮች፣ ጠባቦቹ መተላለፊያዎችና መስጊዶቹ ስማቸው ከኢትዮጵያ አልፎ ተሰማ። በዚያው ክረምት በጁገል ውስጥ የሚኖሩ እናቶች ጭንቀት ግን ቧንቧው ነበር። ከተማዋን ለአሥርት ዓመታት ያጠጣው የሐረማያ ሐይቅ ከአንድ ሁለት ዓመት በፊት ደርቋል። ውኃ የሚመጣው በወረፋ ነው፤ ወረፋው ደግሞ ከቀን ወደ ሳምንት እየረዘመ ሄዷል። ገንዘብ ያለው ከቦቴ ይገዛል፤ የሌለው ቢጫ ጀሪካኑን ይዞ ምንጭ ለምንጭ ይዞራል።

የሐረማያን መድረቅ ብዙ ሰው እንደ ድርቅ ታሪክ ያወራዋል። ዝናቡ ቀነሰ፣ ፀሐዩ በረታ፣ ሐይቁ ጠፋ ይባላል። ነገሩ ግን ከሰማይ ይልቅ ከምድር ጋር የተያያዘ ነው። ከሐረማያ ውኃ ወጣ፤ በሞተርም በትልቅ ፓምፕም፣ ከሐይቁም ከሥሩ ካለው የከርሰ ምድር ውኃም፣ እስኪያልቅ ወጣ። በማዕድን ሥራ ቋንቋ ይህ አንድን ክምችት ቆፍሮ መጨረስ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ደህና የማዕድን ሕግ ያለበት አገር ቆፋሪውን ገና ከመጀመሩ በፊት ሲጨርስ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቀዋል። የሐረማያን ውኃ ያወጣውን ግን ማንም አልጠየቀውም። የዚህ ጽሑፍ ነገርም ይኸው ያልተጠየቀ ጥያቄ ነው።

ከቧንቧ በፊት ሐረር የምትጠጣው ከጎረቤቶቿ ምንጮች ነበር። ከተማዋ በሐኪም ጋራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,885 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጋራው የሚወርዱ ምንጮችና ጅረቶች በግንቡ ዙሪያ ያሉትን የቡና፣ የጫትና የፍራፍሬ ማሳዎች ያጠጣሉ። ሴቶች በእንስራ ቀድተው በበሮቹ ያስገባሉ። ይህ የውኃ ሥርዓት የሚችለው የተወሰነ ሰው ነበር፤ ልኩን ያለፈ ቢመጣ ምንጩ ራሱ ያስታውቃል፤ ሰልፉ ይረዝማል፣ ውኃው ይቀጥናል። ማንም በአንድ ሌሊት የምንጩን ሆድ ማራቆት አይችልም ነበር።

ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. ሐረር በምኒልክ እጅ ስትገባ፣ ራስ መኰንንም ሲያስተዳድሯት፣ ከተማዋ የንግድ መናኸሪያ እንደሆነች ነበረች። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሐረርን ትቶ በዳገቱ ግርጌ ድሬዳዋ ላይ ቆመ። የሐረር ሰው ይህን እንደ ቁስል ያወሳዋል። ለውኃው ግን ሳይታሰብ እረፍት ነበር፦ ፋብሪካውና ጋራዡ፣ ሰው የሚሰበስበው ሥራ ሁሉ ወደ ቆላው ወረደ። ሐረር ለሌላ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በምንጮቿ ልትኖር ቻለች።

ሐረማያ ወይም በቀድሞ አጠራሩ አለማያ ከሐረር በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ከድሬዳዋ ዳገቱን ጨርሶ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ በደጋው ላይ ድንገት የሚያየው ሰማያዊ ውኃ ነበር። በውኃው ላይ ወፎች ይሰፍራሉ፣ ከዳር ዳር ከብት ይጠጣል፣ ዓሣ ይጠመዳል። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተለካው ስፋቱ 4.7 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፣ የጥልቁ ቦታ ደግሞ 8 ሜትር ያህል ነበር። ከዓባይ ምንጭ ከጣና ጋር ሲተያይ ኩሬ ነው። በዙሪያው ካሉት ኮረብቶች የሚወርደው ዝናብ ብቻ ነው የሚመግበው፤ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም። ይህ ትንሽነቱ ነው በኋላ የበላው።

በ1944 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥትና የአሜሪካው የኦክላሆማ የግብርናና የሜካኒክ ኮሌጅ (የዛሬው ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ)፣ በፕሬዚዳንት ትሩማን የፖይንት ፎር ዕርዳታ አማካይነት፣ የግብርና ኮሌጅ ለመመሥረት ተስማሙ። ለኮሌጁ የተመረጠው ቦታ የዚህ ሐይቅ ዳርቻ ሆነ፤ በጥር 1950 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መረቁት። በኋላ በ1977 ዓ.ም. የአለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲ፣ በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሏል። የዩኒቨርሲቲው ስም ከሐይቁ ስም ጋር በተስማማበት ዓመት ሐይቁ አልነበረም።

ለሐረር ደግሞ በሐይቁ ዳር የውኃ ማጣሪያና የፓምፕ ጣቢያ ተተከለ፤ ውኃው ተጣርቶ በቧንቧ ወደ ከተማዋ መውረድ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሐረር የምትጠጣው ከራሷ ጋራ ምንጭ ሳይሆን ከጎረቤት ደጋ ሐይቅ ሆነ። ሐረማያ ከተማና አወዳይም ከዚሁ ይቀዳሉ፤ የዩኒቨርሲቲው ግቢም እንደዚሁ። በ1976 ዓ.ም. የሐረር ቢራ ፋብሪካ ተከፈተ። አንድ ሊትር ቢራ ለማውጣት ከገብሱ ማጠቢያ እስከ ጠርሙሱ ማጽጃ ድረስ በርካታ ሊትር ውኃ ይፈሳል፤ ፋብሪካው የሥራና የገቢ ምንጭ ነበርና ይህን ማንም አልጠላውም። የእያንዳንዱ ፍላጎት ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የሁሉም ፍላጎት አንድም ቀን ተደምሮ አልታየም።

ትልቁ ድርሻ ግን የከተማው አልነበረም፤ የጫቱ ነበር። የምሥራቅ ሐረርጌ ገበሬ ጫትን በማሽላና በበቆሎ መካከል አሰልፎ ከጥንት ጀምሮ ያበቅላል። ጫት በበጋ ውኃ ካገኘ ለምለም ቅጠል ይሰጣል፤ በበጋ ደግሞ የዝናብ ጫት ስለሚጠፋ ዋጋው ይሰቀላል። በሐረርና በሐረማያ መካከል ያለችው አወዳይ ሌሊቱን ሙሉ የማትተኛ የጫት ገበያ ሆነች፤ እዚያ የታሰረው እሽግ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ ጅቡቲና ሐርጌሳ ይገባል። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ ገበያው ሲከፈትና ትንንሽ የናፍጣና የቤንዚን ሞተሮች ከድንበር ማዶ በቀላሉ ሲገቡ፣ አቅም ያለው ገበሬ ሞተር ገዛ፣ አቅም የሌለው ከጎረቤቱ ተከራየ። ቱቦው በሐይቁ ዳር ተዘረጋ። ሐይቁ ሲሸሽ ቱቦው ተከተለው። ከዚያም ሐይቁ በሸሸበት ላይ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሐይቁን የሚደግፈው የከርሰ ምድር ውኃም መቀዳት ጀመረ።

ገበሬውን መውቀስ ቀላል ነው፤ ግን ተገቢ አይደለም። የደጋው መሬት በትውልድ እየተከፋፈለ የአንድ ቤተሰብ ማሳ እጅግ አንሷል። በትንሽ መሬት ልጅ የሚያሳድግና ልጅ የሚያስተምር ሰብል ሲገኝ ማን ይተወዋል? ሰበቡ ሌላ ቦታ ነው። ከሐይቁ ምን ያህል ውኃ በዓመት ሊወጣ እንደሚችል፣ ከየት ደረጃ በታች መነካት እንደሌለበት የሚወስንና የሚያስፈጽም አካል አልነበረም። አንዱ ሞተር ሐይቁን አይጎዳም፤ መቶ ሞተር ይጎዳል። ይህን መቶኛ ሞተር የሚቆጥር ሰው ጠፋ።

በዚህ ላይ ደለሉ ተጨመረ። የዙሪያው ኮረብታ ለማገዶና ለከሰል ሲራቆት፣ ዳገቱ ለእርሻ ሲታረስ፣ በእያንዳንዱ ክረምት የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ሐይቁ ከላይ በሞተር ይቀዳል፤ ከታች በአፈር ይሞላል። ከሁለቱም ወገን ጥልቀቱ ቀነሰ፤ ጥልቀቱ ያነሰ ውኃ ደግሞ በፀሐይ ፈጥኖ ይሞቃል፣ ፈጥኖ ይተናል። ሐይቁ እየጠበበ በሄደ ቁጥር ጥፋቱ ራሱን ያፋጥን ነበር።

ይህን የተከታተሉ ሰዎች ነበሩ። የሐይቆች ተመራማሪው ፕሮፌሰር ብሩክ ለማ በ2003 እ.ኤ.አ. ሊምኖሎጂካ በተባለው መጽሔት ሁለት የኢትዮጵያ ሐይቆችን አወዳድረው ጽፈዋል። አንዱ ሐረማያ ነው፤ ሌላው በቢሾፍቱ አካባቢ ያለው ሆራ ክሎሌ። ሐረማያ ውኃው ተቀድቶ ሊጠፋ ነው፤ ክሎሌ ደግሞ የሞጆ ወንዝ ተጠልፎ ስለገባበት ተፈጥሮው ተለውጧል። አንዱን ሰው አራቆተው፣ ሌላውን ሰው አጥለቀለቀው። ጽሑፉ ሲወጣ ሐረማያ ገና ጥቂት ውኃ ነበረው። የሳይንሱ ማስጠንቀቂያ በጊዜው ደርሷል፤ የጠፋው የሚሰማው ቢሮ ነው።

በ1996 እና 1997 ዓ.ም. መካከል ሐይቁ አለቀ። የሐረር ፓምፕ ጣቢያ የሚቀዳው አጣ። ጎረቤቱ አዴሌ ሐይቅም ደርቋል። የሐይቁ ወለል ተሰነጣጠቀ፤ ከዚያ ሳር በቀለበት፣ ከብት ገባበት፣ ማሳ ተቆረጠበት። ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ነዋሪ ያላት ሐረር በሐይቁ ወለልና በዙሪያው በተቆፈሩ ጉድጓዶች ለጊዜው ተንጠላጠለች። ማለትም ሐይቁ ካለቀ በኋላ ከሐይቁ ሥር ያለው ቀሪ ውኃ ጭምር ተቀዳ።

የከሰል ማዕድን ታሪክ እዚህ ላይ ብዙ ያስተምራል።

ዲሴምበር 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቦትሮፕ ከተማ ፕሮስፐር ሃኒል የተባለው የአገሪቱ የመጨረሻው የጠንካራ ድንጋይ ከሰል ማዕድን ተዘጋ። ቆፋሪዎቹ የመጨረሻውን የከሰል ጓል ይዘው ወጥተው ለፕሬዚዳንት ሽታይንማየር አስረከቡ። ወግ ነው፤ ነገር ግን ከወጉ ጀርባ ከባድ ሂሳብ ነበር። ሩር በሚባለው በዚያ አካባቢ ከመቶ ዓመት በላይ ከሥር የወጣው ከሰል መሬቱን አስምጦታል፤ በአንዳንድ ቦታ የመሬቱ ወለል እስከ 25 ሜትር ድረስ ዝቅ ብሏል። የከርሰ ምድር ውኃውና ጎርፉ ካልተቀዳ ሰዎች የሚኖሩበት ሰፊ መሬት ሐይቅ ይሆናል። ስለዚህ ፓምፖቹ ከማዕድኑ መዘጋት በኋላም ይሠራሉ፤ ለዘለዓለም ይሠራሉ ተብሎ ታቅዷል። ለዚህ የሚከፍለው በ2007 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ራግ የተባለ ተቋም ሲሆን በዓመት ከ200 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣል። ጀርመኖች ይህን ‹‹ዘለዓለማዊ ግዴታ›› ይሉታል። ማዕድኑ ገና ሲሠራ መጠራቀም የጀመረ ገንዘብ ነው።

ሩር ፓምፑ ቢቆም ውኃ ይሞላዋል፤ ሐረማያ ፓምፑ ስላልቆመ ደረቀ። አቅጣጫቸው የተቃረነ ይምሰል እንጂ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ከምድር ሥር የወጣው ነገር የሚተወውን ቦታ ማን ይጠብቀዋል?

የድንጋይ ከሰል ዋሻን በደህና መዝጋት በር ቀርቅሮ መሄድ አይደለም። ወደ ታች የሚወርደው ቀጥ ያለ ጉድጓድ በድንጋይ ተሞልቶ በአርማታ ክዳን ይታተማል፤ አለበለዚያ ከዓመታት በኋላ በላዩ የተሠራ ቤት ይወርድበታል። ከሰሉ ውስጥ የሚቀረው ሚቴን ጋዝ የሚወጣበት መተንፈሻ ይሠራለታል፤ መውጫ ካጣ ወደ ሰው ቤት ወለል ይዘልቃል። ከሁሉም የሚከፋው ውኃው ነው። በከሰሉ ውስጥ ያለው ፒራይት የተባለ የብረትና የድኝ ውህድ ከአየርና ከውኃ ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ ዋሻው በውኃ ሲሞላ ያ አሲድ ብረቱን አሟሙቶ ይወጣና ወንዙን ብርቱካናማ ያደርገዋል፣ ዓሣውን ይገድለዋል። ስለዚህ ውኃው በኖራ ይታከማል፣ በኩሬ ይዘቅጣል፣ በቄጠማ ይጣራል፤ ይህም ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል።

ይህ ሁሉ የተማረው በዋጋ ነው። በዌልስ በአበርፋን መንደር ኦክቶበር 21 ቀን 1966 እ.ኤ.አ. ከምንጭ ላይ ተከምሮ የነበረ የከሰል ማዕድን ቆሻሻ ኮረብታውን ለቆ በትምህርት ቤት ላይ ወረደ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። ክምሩ ከምንጩ ላይ መሆኑን የአካባቢው ሰው ያውቅ ነበር። በአሜሪካ በፔንሲልቬንያ ሴንትራልያ ከተማ በ1962 እ.ኤ.አ. ከከሰል ሥር የገባ እሳት እስከ ዛሬ እየነደደ ከተማዋን ባዶ ሊያደርጋት ጥቂት ቀርቶታል። በእንግሊዝ ኮርንዎል ዊል ጄን የተባለው የቆርቆሮ ማዕድን በ1991 እ.ኤ.አ. ሲዘጋ ፓምፖቹ ቆሙ፤ በጥር 1992 እ.ኤ.አ. የታቆረው ውኃ ፈነዳና የካርኖን ወንዝን አበላሸ። እነዚህ ሁሉ በሀብታም አገር፣ በተማረ መሐንዲስ ዓይን ሥር የደረሱ ናቸው። በአንጻሩ ደግሞ የኔዘርላንድስ ሄርለን ከተማ የተዘጉትን የከሰል ዋሻዎች የሞላውን ለብ ያለ ውኃ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቤት ለማሞቅ ትጠቀምበታለች። የተዘጋ ማዕድን በአሳቢ እጅ ከወደቀ ሀብት ሊሆን ይችላል።

ኢትዮጵያም ወደ ከሰል ማዕድን መንገድ እየገባች ነው። በያዩ፣ በደልቢ፣ በጭልጋና በሌሎች ቦታዎች የድንጋይ ከሰል አለ፤ የሲሚንቶና የብረት ፋብሪካዎች ከውጭ የሚያስመጡትን ከሰል በአገር ውስጥ ለመተካት በቅርብ ዓመታት ብዙ ፈቃድ ተሰጥቷል። ያዩ የዱር ቡና የሚገኝበት ጫካ ነው፤ በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ቡናዋን ለዓለም የምትሸጥ ሐረር ለዚያ ጫካ ግድ ሊኖራት ይገባል። በዚያው ዓመት የወጣው የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ፈቃድ ያለው ሰው የቆፈረውን አካባቢ መልሶ ለማልማት የሚውል ገንዘብ እንዲመድብ ያስገድዳል። ከሱ በፊት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ነበር። በወረቀቱ ላይ ቢያንስ የመዘጋት ጉዳይ ተጽፏል። በተግባር ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት አሳዛኝ ምሳሌ አለ፦ በጉጂ በለገ ደምቢ የወርቅ ማዕድን ዙሪያ ነዋሪዎች በጤናቸው ላይ ጉዳት እየደረሰ ነው ብለው ከተነሡ በኋላ የማዕድኑ ፈቃድ በ2010 ዓ.ም. ታግዶ ነበር።

አሁን የውኃውን ሕግ ከማዕድኑ ሕግ አጠገብ አድርጎ ማየት ነው። የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ውኃ ለመጠቀም ፈቃድ እንዲወጣ ያዛል። ነገር ግን በእጅ የተቆፈረ ጉድጓድ ውኃና በባህላዊ መንገድ የሚደረግ መስኖ ከፈቃድ ነፃ ናቸው። ዓላማው ቅን ነው፤ ድሃ ገበሬ ከቢሮ ቢሮ እንዳይንከራተት ነው። ለሐረማያ ግን ይህ ክፍተት ሆነ። በእጅ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ የተገጠመ ሞተር ምን ይባላል? ባህላዊ ነው ወይስ ዘመናዊ? አንዱን ትንሽ ተጠቃሚ ነፃ የሚያደርግ ሕግ የብዙ ትንንሾችን ድምር ካላየ ትልቁን ይፈቅዳል። አዋጁ በወጣ በአምስት ዓመቱ ሐይቁ አለቀ። ከሰል ቆፋሪው ሲወጣ መሬቱን እንዲያክም ይገደዳል፤ ውኃ ቀጂው ግን ሞተሩን ጭኖ ይሄዳል፤ ማጣሪያ ጣቢያውም ይዘጋል፤ ቀሪው ለከብትና ለአቧራ ይተዋል።

ሐይቁ ሲደርቅ ሐረር ዓይኗን ወደ ቆላው አዞረች። በአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ በድሬዳዋ በኩል ድሬ ጃራ በተባለው ቦታ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ውኃው በተከታታይ የግፊት ጣቢያዎች እየተገፋ ከ700 ሜትር በላይ ዳገት ወጥቶ፣ በደንገጎ አልፎ ሐረር ደረሰ። ታሪኩ ዞሮ ዞሮ መጣ፦ ባቡሩ ሊወጣው ያልቻለውን ዳገት ውኃው ወጣ። ዋጋው ግን ከባድ ነው። ያንን ዳገት የሚገፋው ኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ቧንቧው ይደርቃል። በመንገዱ ላይ ያሉ ከተሞችም ከዚያው ይቀዳሉ። በ2011 ዓ.ም. መባቻ ከተማዋ ለሳምንታት ያለ ቧንቧ ውኃ ስትቆይ፣ የአንድ ከተማ ሕይወት ከሌላ አስተዳደር መሬት በሚመጣ አንድ መስመር ላይ ሲንጠለጠል ምን እንደሚሆን ሁሉም አየ። ሐረር በስተምሥራቅ ወዳለው የኤረር ሸለቆም ጉድጓድ ፍለጋ ዞራለች።

በሌላ በኩል ደስ የሚል ነገር መጣ። በሐረማያ ዙሪያ ያሉ ኮረብቶች እርከን ተሠራላቸው፤ ከንክኪ ነፃ የተደረጉም አሉ፤ ችግኝ ተተከለ፤ በሐይቁ ወለል የተከማቸው ደለል በከፊል ተነሣ። ዩኒቨርሲቲው፣ የአካባቢው አስተዳደርና ነዋሪው ተባብረው በየክረምቱ የሚወርደው ውኃ አፈር ሳይዝ ወደ ሐይቁ እንዲገባ ሠሩ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ሐይቁ ተመልሷል፤ ወፎቹም መጡ፣ ዓሣ ተለቀቀበት። በኢትዮጵያ ውስጥ የደረቀ ሐይቅ ሲመለስ ማየት ብርቅ ነውና ይህ ትልቅ ድል ነው፤ መከበርም ይገባዋል።

ነገር ግን የማዕድን መሐንዲስ በዚህ አይበቃውም ነበር። የተዘጋ የከሰል ዋሻን ከታተመ በኋላ የሚከታተሉት የክትትል ጉድጓድ ቆፍረው የውኃውን ደረጃና ጥራት በየጊዜው እየለኩ ነው። ለሐረማያም ይኸው ያስፈልጋል። በሐይቁ ዙሪያ የተቆፈሩና አሁን የማይቀዱ ጉድጓዶች አፋቸውን ከፍተው ከተተዉ ሕፃን ይገባባቸዋል፤ ከማሳ የሚወርድ የማዳበሪያና የፀረ ተባይ ውኃም በቀጥታ ወደ ከርሰ ምድር ይወርድባቸዋል። በሸክላ አፈርና በሲሚንቶ ሞልቶ መድፈን የሚያስወጣው ወጪ ጥቂት ነው። የተመለሰውን ሐይቅ የሚጠብቀው ደግሞ አንድ መስመር ነው፦ ውኃው ከዚህ ደረጃ በታች ሲወርድ በዳርቻው ያሉ ሞተሮች ሁሉ፣ የገበሬውም የተቋሙም፣ ይቆማሉ የሚል። መስመሩን ማስመር የኦሮሚያ ክልል፣ የሐረሪ ክልል፣ የዩኒቨርሲቲውና የዙሪያው ገበሬ የጋራ ሥራ ነው፤ ገበሬው ባልተስማማበት መስመር ላይ ሞተር አይቆምም። ሞተሩን ለሚያቆም ሰው ደግሞ የሚኖርበት ሌላ ገቢ መታሰብ አለበት፤ የሩር ሰዎች ለማዕድን ሠራተኞቻቸው ያሰቡት አንዱ ነገር ይህ ነበር።

ለድሬ ጃራና ለኤረር ያለው ሥራ ግን ከዚህ ይቀላል፤ ገና አላለቁምና። እያንዳንዱ ጉድጓድ ሲቆፈር የነበረው የውኃ ደረጃ ይታወቃል፤ ዛሬ የት እንዳለ በየወሩ ለክቶ መመዝገብና ለሕዝብ ማሳየት ይቻላል። ከሚሸጠው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውኃ ጥቂት ሳንቲም ለመዝጊያና ለማገገሚያ ፈንድ ቢቀመጥ፣ ራግ ለሩር ያደረገውን በአቅም ማድረግ ነው። የሐረር ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን በየወሩ የፍጆታ ደረሰኝ ያወጣል፤ ከደረሰኙ ላይ አንድ መስመር መጨመር፣ ያንንም መስመር ከድሬ ጃራ ጉድጓድ የውኃ ደረጃ ጋር ማያያዝ፣ ከአዲስ ቧንቧ መዘርጋት ያነሰ ሥራ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ዛሬ በዳገቱ ግርጌ ያለው ውኃ ከተቀዳበት የመጀመሪያ ቀን ወዲህ ስንት ሜትር እንደወረደ ነው።